ያልተነገረው የዘሃራ መርዶ

ባለፈው ሐሙስ ጅማ መርካቶ እህል ተራ ጥግ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ አባ ፊጣ በአጠገቤ አለፈ። ሳያየኝ ቀርቶ አይደለም፤ አይቶኛል። ዓይኑ ዓይኔ ላይ አርፎ፣ የተዘጋ ሱቅ እንዳየ ሰው ትቶኝ ሄደ። እኔና እሱ ከተዋወቅን ሃምሳ ዓመት አልፎናል። ጎረምሶች ሆነን እዚያው መርካቶ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ፣ እሱ ጆንያ ይሸከማል፣ እኔ የጆንያውን አፍ እሰፋለሁ። «አባ ፊጣ!» አልኩት። መንገዱን ቀጠለ። «አንተ ሰውዬ! ጆሮህም እንደ ጥርስህ አለቀ እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። እንዲህ ነው የምንነጋገረው፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን ዞሮ ከዚህ የባሰ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ቆም አለና፣ ፊቱን እንኳ በቅጡ ሳያዞር፣ «ወልዴ፣ አንተን የማውቅህ ይመስለኝ ነበር» አለኝ። ሽርጡን ሰብሰብ አድርጎ በጋሪዎቹ መሃል ገባና ጠፋ።

አጠገቤ በርበሬና ኮረሪማ የምትሸጥ ሙሉነሽ የምትባል ሴት አለች፤ ሁላችንንም ታውቀናለች። «ምን በደልኩት?» አልኳት። አቀረቀረች። «ጋሽ ወልዴ፣ ሚስቱ ስትሞት አልደረሱም አሉ።» «የማን ሚስት?» «የሱ ነዋ! ዘሃራ። ወር ሆናት እኮ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ «እንዴ፣ አልሰሙም? እርስዎ?» አለችኝ። ባጃጁ መጥቶ ጡሩምባውን ይነፋል፤ እኔ ዞር ብዬም አላየሁት። ሙሉነሽ የገረማት ይገባኛል። የሰፈራችንን የበቾ ቦሬን ሞት ሁሉ ለሰው ስናገር የኖርኩት እኔ ነኝ።

ጡሩምባ ነፊ ነበርኩ። የእድራችን፤ እኛ ጅማ አፎሻ እንለዋለን። ክርስቲያኑም እስላሙም ያለበት አፎሻ ነው። ማታ ጆንያ ሰፍቼ ገብቼ ሰው ከሞተ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ እዞራለሁ፤ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ እጀምራለሁ፣ በመስጊዱ አጥር በኩል አድርጌ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ደርሼ፣ ወደ ወንዙ እወርዳለሁ። ሦስት ጊዜ እነፋና የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ባማርኛም በኦሮምኛም እናገራለሁ። ወረቀት አልያዝኩም። በመሠረተ ትምህርት ያገኘኋት ፊደል ያን ጊዜ ለፊርማ ብቻ ነበር የምትበቃኝ፤ ሁሉንም በጭንቅላቴ ነው የምይዘው። አንድም ቀን ስም አሳስቼ አላውቅም። ግን አንድ ሕግ ነበረኝ፤ ጡሩምባው ከመነፋቱ በፊት የሟች የቅርብ ሰው፣ ባል ቢሆን ሚስት፣ እናት ብትሆን አባት፣ መርዶውን መስማት አለበት። ይህ አይታለፍም። መርዶ ደግሞ ዝም ብሎ አይወረወርም። ሁለት ሦስት ሆነን እንሄዳለን፤ ገብተን እንቀመጣለን። ሌሎቹ ፈጥነው መጨረስ ይፈልጋሉ፤ እኔ አልፈቅድም። ስለ ላሟ እጠይቃለሁ፣ ስለ ቡናው እጠይቃለሁ። ሰውየው አንድ ነገር መቅመሱን አያለሁ፤ ባዶ ሆድ ላይ መርዶ አልነግርም። አጠገቡ ሰው ይቀመጣል፣ ቢወድቅ የሚይዘው። ሰውየው እኮ ያውቀዋል! ገና በሩን ስናንኳኳ ያውቀዋል። ግን ያ ሁሉ ወሬ ሞቱን ቀስ እያልን ወደሱ የምናስጠጋበት ነው። የአባ ፊጣን የአባቱን መርዶ እኔ ነገርኩት። የታላቅ ወንድሙንም እኔ ነገርኩት። የዘሃራን ማን ነገረው?

እሱን እያሰብኩ ባጃጁን ትቼ በእግሬ ሄድኩ። ሐኪሙ ጉልበትህን አሳርፍ ብሎኛል፤ ዘሃራ ስትሞትም በዚሁ ጉልበት ተይዤ ከቤት ሳልወጣ ከርሜ ነበር። ያን ቀን ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ቤት ገባሁ፣ ወጣሁ። ዳቦ ቤቱ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። ዘሃራ ሞታ ስትስቅ ነው የምትታየኝ፤ ምን ላድርግ?

ዘሃራን ለአባ ፊጣ የዳረችው ሬዲዮ ናት ብል ማን ያምነኛል? እውነት ነው። ያኔ እሁድ እሁድ ከጅማ ወጣ ብለን ሰርቦ እንሄድ ነበር፤ እሱ አገሩ ስለሆነ፣ እኔ እሱ ስለሄደ። መንገዱ ዳር የአንድ ሐጂ ሱቅ አለ። ሬዲዮዋ የቆዳ ልብስ ለብሳ፣ ፊቷ በትንንሽ ቀዳዳ ተበስቶ፣ ከስኳሩ ጆንያ በላይ መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ሐጂ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ከቡናው እኩል ነው የሚገላበጠው። አዲሱ ድንጋይ ስሙኒ ነበር፣ ስሙኒ ደግሞ ያኔ ስሙኒ ነበረች። ሬዲዮ መስማት በነፃ ነው፣ ግን ሻይ ሳያዝ የሚቀመጥን ሰው ሐጂ በዓይናቸው ያስነሱታል። ሻይ አምስት ሳንቲም። አባ ፊጣ ነጭ ቴትሮን ሸሚዙን ለብሶ፣ ማበጠሪያ ጎፈሬው ላይ ሰክቶ፣ በኮንጎ ጫማ ይቀመጣል። ጫማው በፀሐይ ሲግል እግሩን ያቃጥለዋል፤ ግን አያወልቅም፣ ዘሃራ በዚያ ታልፋለችና። አባቷ የቡና ባለቤት ናቸው፤ እሳቸውም እዚያው ሻይ ይጠጣሉ።

ያኔ «ሬዲዮ አለ» ከተባለ ክርክር የለም። አንድ ቀን ጠዋት ስትከፈት የወታደር ማርሽ ብቻ ነበር። ዜና የለ፣ ዘፈን የለ፣ ማርሽ። ሐጂ የሱቁን አንዱን ሳንቃ ዘጉ። ቡና ያሰጡ ሰዎች ፀሐይ እያለ ቡናቸውን አስገቡ። ማን እንደወረደ ማን እንደወጣ ሳናውቅ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ዋልን። አሁን ሳስበው ምንም አላለችንም እኮ! ሙዚቃ ብቻ ነው የሰማነው። ግን ሁላችንም ባንድ ላይ ፈራን፣ ባንድ ላይ ደግሞ ሳቅን፤ ፍርሃታችን እንኳ አንድ ነበር።

እና ያቺ ሬዲዮ ዘፈን ምርጫ ነበራት። ደብዳቤ ይጻፋል፣ ስምህ ይነበባል፣ ዘፈኑ ይለቀቃል። አባ ፊጣ ይህን በልቡ ይዞ አንድ ማክሰኞ ጎትቶኝ ፍርድ ቤት ደጅ ወሰደኝ፤ እኔም እሱም መጻፍ አንችልም። ራፖር ጻፊዎቹ በጃንጥላ ሥር ተደርድረዋል። አንዱን፣ መነጽሩ በሽቦ የታሰረውን፣ ጠየቅነው። ሽልንግ ተቀበለን። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ አቤቱታ ሲጽፍ የኖረ ነው፤ የዘፈን ደብዳቤ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። የሚያውቀውን ጻፈ። ላክነው። ወራት አለፉ፣ ቡና ተለቀመ፣ አባ ፊጣ ተስፋ ቆረጠ። አንድ እሁድ ሱቁ ሞልቶ፣ የዘሃራ አባት ሻያቸውን ሊያነሱ ሲሉ፣ ያ የአዲስ አበባ ድምፅ እንዲህ አለ፦ «አመልካች አባ ፊጣ፣ ነዋሪነታቸው ጅማ፣ በሰርቦ ለምትገኘው ለወይዘሪት ዘሃራ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ዘፈን እንዲፈጸምላቸው በትሕትና አመልክተዋል።»

ዘፈኑን ማን ይስማ! አባትየው ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ወጡ። በማግስቱ እኔን አስጠሩኝ። «ወልዴ፣ አንተ የከተማ ሰው ነህ። ይሄ ነገር ልጁ ያለው ነው ወይስ መንግሥት የወሰነው?» አሉኝ። እሳቸው ‹እንዲፈጸምላቸው› ሲባል የሰሙት በፍርድ ቤት ነው፤ ለመሬት ክርክር። መንግሥት ልጄን ለአባ ፊጣ ፈረደለት ብለው ነው ያደሩት። ይህን እየተናገሩ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ «ልጁ ነው» ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ያቺ ዝምታ አጋባቻቸው። ዘሃራ ነገሩን የሰማችው ከሠርጉ በኋላ ነው፤ ሆዷን ይዛ እስክትንከባለል ሳቀች። ከዚያ በኋላ ባሏን አባ ፊጣ ብላ ጠርታው አታውቅም። «አመልካች፣ ምሳ ቀርቧል» ነው የምትለው። አፎሻ ስብሰባ ላይ፣ ሰው ፊት፣ «አመልካች፣ ጃንጥላህን ረሳህ!»

ኋላ በቾ ቦሬ ቤት ተከራይተው ጎረቤቴ ሆኑ፤ ልጆቻቸውን እዚህ አሳደጉ። አባትየው ሲሞቱ የሰርቦን ቡና የሚጠብቅ ጠፋና ተመለሱ። አፎሻችንን ግን አልለቀቁም። እሷ ለስብሰባ ትመጣ ነበር፤ የጡሩምባውን ነገር የወሰንን ቀንም ከባሏ ጋር ነበረች።

የአፎሻው ጸሐፊ ሰሚር ይባላል፤ ሞባይል የሚሸጥ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ተነስቶ፣ «ጋሽ ወልዴ ደክመዋል። አሁን ግሩፕ ከፍተናል። አንዴ ነካ ስናደርገው ሦስት መቶ ሰው ባንድ ጊዜ ይሰማል» አለ። «ስንቱ ያለቅሳል?» አልኩት። ተሳቀ። ሰሚር ግን አልናቀኝም፤ «ስልክ ለሌላቸው ሽማግሌዎች እርስዎ ይዙሩ፣ መርዶውንም እንደ ድሮው እርስዎ ይምሩ» አለኝ። ይህንን መደበቅ አልችልም፤ ብሎኛል። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። «ወይ እኔ ወይ ስልኩ! ለግማሽ ሰው አልነፋም» ብዬ ጡሩምባውን ይዤ ወጣሁ። ዘሃራ ከኋላዬ፣ «ወልዴ፣ ኩርፊያህን ለኛ ብለህ ተው፤ የኛን ሰው ማን ይነግረዋል?» አለችኝ። «ስልክሽ ይንገርሽ» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኳት። እኔ ራሴ የያዝኳት ስልክ ቁልፍ ያላት ትንሿ ናት፤ ልጆቼ ትልቁን ሲያመጡልኝ መለስኩላቸው።

ከዚያ ወዲህ ያየሁት ደግሞ እንቢታዬን አጠነከረው። ባለፈው ጊዜ አንድ ጠዋት መርካቶ ሱቅ ሁሉ ድርግም ብሎ ተዘጋ። «ምን ሆነ?» ስል፣ «መንገድ ተዘግቷል፣ ረብሻ አለ ተብሏል» አሉኝ። ማን አለ? ስልክ። ረፋዱ ላይ «ውሸት ነው» የሚል ሌላ መጣ፤ ከፈቱ። የገረመኝ መዝጋታቸው አይደለም፤ የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ያመኑት በዚያው ፊት ነው። ግድግዳ ለግድግዳ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች አውቃለሁ፤ አንዱ ስልኩ ላይ የሚያየው ሌላ አገር ነው፣ የሌላኛው ሌላ። በዓል ላይ ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ ኳስ ብቻ ነው፤ ሌላ ካወሩ ይጣላሉ። ድሮ ሬዲዮዋ ዋሽታን ከሆነም ሁላችንን እኩል ነው የዋሸችን። ይህን ስል ልጆቼ «አባባ፣ ያኔም እኮ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚናገረው» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ያም ልክ ነው። የዘሃራን አባት ያንቀጠቀጠው ያው ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሰሚር ሱቅ ሄድኩ። «ዘሃራ ሞታ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። ደነገጠ። «ጋሽ ወልዴ፣ ግሩፑ ላይ ለቅቀነዋል እኮ። እርስዎ ሳይሰሙ ይቀራሉ ብሎ ማን ያስባል? ከቀብሩ ሲቀሩ ታመው ነው ብለን ነው።» «ለአባ ፊጣስ? መርዶውን ማን ነገረው?» ሰሚር የስልክ ሽፋኖቹን ያስተካክል ጀመር። «ሆስፒታል ነው ያረፈችው፤ እሱ ሰርቦ ነበር። የእህቷ ልጅ ከአልጋው አጠገብ ሆኖ ፖስት አደረገ። እኛም ከዚያ አይተን ነው ያስተላለፍነው።» «ሰሚር፣ ለአባ ፊጣ ማን ነገረው ነው ያልኩህ።» «...እሱም ግሩፑ ውስጥ አለ» አለኝ፤ ድምፁ ወርዶ።

ቅዳሜ መናኸሪያ ሄጄ ተመለስኩ። እሁድ እንደገና ሄድኩ፣ የሰርቦ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ፣ ልክ ሲሞላ ወረድኩ። ረዳቱ «ፋዘር፣ ፀሐይ ሽሽት ነው እንዴ የገቡት?» ብሎ ሰደበኝ፤ ሁሉም ሳቁ። ልቅሶ ቤት ለመሄድ መፍራት ለእኔ አዲስ ነገር ነው። ምን እላለሁ? አልሰማሁም? ያ ሰው ጡሩምባውን ይዤ ስወጣ አይቶኛል። ሰኞ ግን ሳልበላ ወጣሁ፣ ሳላስብ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ያለው ጎረምሳ ስልኩን ከፍ አድርጎ አንድ ሰውዬ ሲጮህ ያሰማናል፤ ጎኑ ያለው ደግሞ በራሱ ስልክ ሌላ ጩኸት ከፈተ። ሹፌሩ በመሃል ዘፈን ለቀቀባቸው።

አባ ፊጣ ጓሮው የቡና ማድረቂያ አልጋው ጋ ነበር፤ ጀንፈል ቡናውን በእጁ ያገላብጣል። ሲያየኝ አልተነሳም። «አካም ጂርታ» ብዬ ሰላም አልኩት። ጥቂት አገላበጠና፣ «ታኢ» አለኝ፤ ተቀመጥ። ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

«አልሰማሁም» አልኩት። «ምክንያት ብዬ አይደለም። ጡሩምባውን ወስጄ ባልሰቅለው እሰማ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ከቀብር ስለቀረህ መሰለህ?» አለኝ። «ቀብሩማ ሰው ሞልቶት ነበር። ሦስት መቶ ሰው ሰምቶ የለ!» ቡናውን ተወው። «እዚሁ ቆሜ ነበር፣ እዚሁ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። አወጣሁት፤ የዘሃራ ፎቶ ነው። ያ አረንጓዴ ሻሽ ያደረገችበት። ሥሩ ጽሑፍ አለ፤ እኔ ጽሑፍ አላውቅም። ታች ትንንሽ እጆች ተሰልፈዋል፣ የተጣመሩ። ድና ዱዓ እያደረጉላት መሰለኝ። ወላሂ ወልዴ፣ ደስ አለኝ! አሚን አልኩ። ቡና የሚያግዘኝን ሰው ጠርቼ ‹እያት፣ አማረባት› አልኩት። አየና፣ መልሶ ሰጠኝና፣ እበት እንደረገጠ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። እኔ ፎቶውን እያየሁ ቆየሁ። ሴቶቹ እየጮሁ በበሩ እስኪገቡ ድረስ እኔ እየሳቅኩ ነበር።»

ዱካዬን ወደሱ አስጠጋሁ።

«አላለቀስኩም» አለኝ። «ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ አልመጣልኝም። እስካሁን። ልጄ ሰዓዳ ታሟል ብላ ሐኪም ጋ ልትወስደኝ ነው። አንተን ነበር የምጠብቀው። አባቴን አንተ ነገርከኝ፣ ወንድሜን አንተ ነገርከኝ። አንተ ሳትመጣማ ሰው አልሞተብኝም። ወልዴ ካልመጣ ዘሃራ ሆስፒታል ናት አልኩ። ሐሙስ መርካቶ ጤነኛ ሆነህ ቆመህ ሳይህ... ምን ልበልህ? ጠላሁህ።»

ተነስቼ እጁን ያዝኩና ወደ ቤት ይዤው ገባሁ። ሰዓዳ ደንግጣ ቆመች። «ልጄ፣ አባትሽ ቁርስ በልቷል?» አልኳት። «እንቢ ብሎ ነው፣ አባባ።» «አምጪ።» መደብ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «እዚያ ጋ ሁኚ፣ በግራው በኩል» አልኳት፤ ገባት፣ መጥታ ተቀመጠች።

«ዝናቡ ቡናውን አልነካብህም?» አልኩት።

አባ ፊጣ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ፣ «ሁለት ቀን ዘንቦብኝ ነበር» አለ። «በላስቲክ ሸፈንኩት።»

«ዘንድሮ ፍሬው እንዴት ነው?»

«ከታች ያለው ጥሩ ነው። ከላይ ያለው ቀሏል።» አንድ ጉርሻ ጎረሰ። ለመዋጥ ጊዜ ፈጀበት። ውሃ ሰጠሁት። ሁለተኛ ጎረሰ። ሰሃኑን ከፊቱ አነሳሁለት። ትከሻውን ያዝኩ።

«አባ ፊጣ፣ ጠንከር በል» አልኩት። «ዘሃራ አርፋለች።»

ሰዓዳ በግራ፣ እኔ በቀኝ ያዝነው። ክብደቱ ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ፤ ያ ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰውነት። ከዚያ ከሆዱ፣ ከታች፣ ሳግ መጣ።

«መቼ?» አለኝ።

ነገርኩት።